የደንበኞችን ስም መዝገብ ለማጥራት፤ ለኦፕንሪፋይን ተቀጥላ ስለ ማዘጋጀትና ስለ ማሸግ

የንግድ ሥራ ከሸቀጥና ከገንዘብ ቀጥሎ የሚቆመው በመዝገብ ነው። መዝገቡ የጠራለት ነጋዴ፥ ማን ምን ያህል በዱቤ እንደ ወሰደና ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ ባንድ ጊዜ ተመልክቶ ያውቃል፤ መዝገቡ የተምታታበት ግን ገንዘቡ በሰው እጅ ሳለ የት እንዳለ ለይቶ ሳያውቀው ይቀራል። ዛሬ የደንበኞች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ስለ ተዛወረ፥ ይህ ችግር አብሮ የተወገደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ይይዛል እንጂ የጸሐፊውን ሐሳብ አያነብም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ኃይሉ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ሀይሉ ተብሎ የተመዘገበውን አንድ ሰው፥ ሁለት ሰዎች አድርጎ ይቈጥረዋል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በሁለት ወገን ነው። አንደኛው የገንዘብ ጉዳት ነው። አንድ የጅምላ ነጋዴ ለአንድ ደንበኛ ከ100,000 ብር በላይ በዱቤ እንዳይሰጥ ደንብ ቢያወጣና፥ የደንበኛው ስም በሁለት አጻጻፍ ተመዝግቦ ቢገኝ፥ ያ ደንበኛ ማንንም ሳያታልል እስከ 200,000 ብር ሊወስድ ይችላል፤ ደንቡም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። መዝገቡን እናጥራ ሲባል የሁለት ሰዎች ሒሳብ ባንድ ስም ተጠቃሎ እንደሆነ፥ ያልተበደረው ሰው የሌላውን ዕዳ ክፈል ይባላል። የዘገየ ገንዘብ በጊዜው ይገኛል፤ ባልወሰደው ዕቃ ዕዳ የተጠየቀ ደንበኛ ግን ወደዚያ መደብር የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ይህን የመሰለውን መዝገብ ለማጥራት በብዙ አገር የሚሠራበት፥ ዋጋ የማይከፈልበት መሣሪያ መኖሩን፤ ሁለተኛ፥ መሣሪያው ለፊደላችን የሚጐድለውን በተቀጥላ ማሟላት እንደሚቻል፤ ሦስተኛ፥ ተቀጥላው ከአንድ ቤት አልፎ ለሌላው እንዲተርፍ እንዴት መታሸግ እንደሚገባው ነው። ጽሑፉ የቀረበው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሳይሆን፥ ሥራውን ለሚያዝዙና ኃላፊነቱን ለሚሸከሙ ነጋዴዎች፥ ሒሳብ ሹሞችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነው።

መሣሪያውና አመጣጡ

መሣሪያው ኦፕንሪፋይን ይባላል። በመጀመሪያ ያዘጋጀው ሜታዌብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፥ በ2010 እ.ኤ.አ. ፍሪቤዝ ግሪድወርክስ በሚል ስም ምንጩን ክፍት አድርጎ አወጣው። በዚያው ዓመት ጉግል ሜታዌብን ስለ ገዛው የመሣሪያው ስም ወደ ጉግል ሪፋይን ተለወጠ። በ2012 እ.ኤ.አ. ጉግል ከሥራው እጁን ባወጣ ጊዜ መሣሪያው አብሮ አልቀረም፤ ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ ፈቃደኞች ባለሞያዎችና ተጠቃሚዎች ተረክበው ኦፕንሪፋይን በሚል ስም እስከ ዛሬ ያሳድጉታል። ከዚህ ታሪክ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም ምንጩ ክፍት የሆነ መሣሪያ፥ ሠሪው ቢተወው እንኳ ተጠቃሚው ባዶ እጁን የማይቀር መሆኑ ነው።

ምንጩ ክፍት ነው ማለት፥ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ለማንም ተገልጦ ይታያል፤ የፈለገም ያነበዋል፥ ያሻሽለዋል፥ ለሌላ ያስተላልፈዋል ማለት ነው። ኦፕንሪፋይን የሚሰጥበት ፈቃድ ቢኤስዲ የሚባለው ሲሆን፥ ለንግድ ሥራም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ያለ ክፍያ መጠቀምን ይፈቅዳል። የሚጠይቀው የባለመብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ቃል ሳይነሡ እንዲቈዩ፥ የአዘጋጆቹም ስም ሳይፈቅዱ ለሌላ ዕቃ ማስተዋወቂያ እንዳይውል ነው። በአንጻሩም አዘጋጆቹ ስለሚደርሰው ጉድለት ዋስትና አይሰጡም፤ ኃላፊነቱ የተጠቃሚው ነው።

አሠራሩም ይህን ይመስላል። በኤክሴል ወይም በሌላ ዓይነት ሠንጠረዥ የተያዘው መዝገብ ወደ መሣሪያው ይገባል። ገጹ የሚታየው በብራውዘር ቢሆንም፥ ፕሮግራሙ የሚሠራው በራሱ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ስለዚህ የደንበኞችን ስም ለማጥራት መዝገቡን ወደ ሌላ አገር መላክ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ስሞች እያመሳከረ፥ እነዚህ አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚላቸውን በአንድ በአንድ ሰብስቦ ያቀርባል። ሠራተኛውም ተመልክቶ አንድ የሆኑትን ያዋሕዳል፥ ያልሆኑትን ይተዋል። የተደረገው ለውጥ ሁሉ በተራ ስለሚመዘገብ፥ ወደ ኋላ ተመልሶ ማፍረስ ይቻላል።

መሣሪያው ለፊደላችን የሚጐድለው

መሣሪያው ስሞችን የሚያመሳክርበት ዋናው ስልት የጣት አሻራ ይባላል። ከእያንዳንዱ ስም አንድ መለያ ቁልፍ ያወጣል፤ ቁልፋቸው አንድ የሆነውንም ስሞች ባንድ ቡድን ያቀርባል። ቁልፉን ለማውጣት በዳርና በዳር ያለውን ባዶ ቦታ ይቈርጣል፤ የላቲኑን ዐቢይ ፊደል ወደ ንኡስ ይለውጣል፤ ሥርዐተ ነጥቡን ያወጣል፤ የአውሮፓ ቋንቋዎች በፊደል ላይ የሚያኖሩትን ምልክት ያነሣል፤ በመጨረሻም ቃላቱን ለያይቶ፥ የተደጋገመውን አስወግዶ፥ በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ ስሞች ብዙ ጥቅም የሚሰጥ ነው። ለኢትዮጵያ ስሞች ግን በሦስት ነገር አይስማማም።

1ኛ፤ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላችን ብዙ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቍጥር የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በዚያ መሠረት ሀ 4608፥ ሐ 4624፥ ኀ 4736 የሚል ቍጥር ተሰጥቷቸዋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት እነዚህ ፊደላት ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ቍጥሮች ናቸው። ለምሳሌ ዓለም ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል አ፥ ኣ፥ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ፀ በጸ ሊተካ ይችላል፤ ሐ ደግሞ ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። 4 በ2 በ6 ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል። ሁለቱ ቃላት ተያይዘውም ተለያይተውም ስለሚጻፉ ቍጥሩ 96 ይደርሳል። የጣት አሻራው ስልት እነዚህን ሁሉ በየራሳቸው የቆሙ ስሞች አድርጎ ይተዋቸዋል።

2ኛ፤ የቃላቱን ተራ ይለውጣል። በአውሮፓ አንድ ሰው አንድ ጊዜ የቤተሰብ ስሙን፥ ሌላ ጊዜ የራሱን ስም አስቀድሞ ስለሚጻፍ፥ ቃላቱን በፊደል ተራ መደርደር ይጠቅማቸዋል። በእኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። ደሳለኝ ተፈራ የሚባለው ደሳለኝ የተፈራ ልጅ ነው፤ ተፈራ ደሳለኝ የሚባለው ተፈራ የደሳለኝ ልጅ ነው። ለልጅ የአያቱን ስም ማውጣት ደግሞ የተለመደ ነውና፥ እነዚህ ሁለቱ አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። መሣሪያው ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ሰብስቦ ሲያቀርብ ሠራተኛው ሳያስተውል ቢያዋሕዳቸው፥ የልጅ ዕዳ በአባት ሒሳብ ይጻፋል።

3ኛ፤ ስሞቻችን በብዙ ዓይነት ያጥራሉ። ገብረ ሥላሴ፥ ገብረሥላሴ፥ ገ/ሥላሴ የሚሉት አንድ ስም ናቸው። አቶ፥ ወ/ሮ፥ ወ/ሪት የሚሉት የክብር መጠሪያዎችም አንዳንድ ጊዜ በስሙ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ፥ አንዳንድ ጊዜም አይገቡም።

ተቀጥላ ምን ማለት ነው

ይህን ጉድለት ለማሟላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ምንጩ ክፍት ስለ ሆነ የመሣሪያውን የውስጥ ጽሑፍ ራሱን መለወጥ ነው። ይህ ሊደረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አዘጋጆቹ አዲስ እትም ባወጡ ቍጥር ለውጡን እንደ ገና መሥራት ስለሚያስፈልግ፥ ቤቱ በአሮጌ እትም ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ ባለሞያዎች ፕለጊን ወይም ኤክስቴንሽን የሚሉትን ተቀጥላ መሥራት ነው።

የተቀጥላን ነገር ለመረዳት የልብስ ስፌት መኪናን ማሰብ ይበቃል። ሰፊው የቍልፍ ቀዳዳ ለመሥራት ሲፈልግ መኪናውን አይፈታም፤ ለዚያ ሥራ የተዘጋጀውን እግር በተለመደው ቦታ ይገጥማል፥ ሥራው ሲያልቅም ያወልቀዋል። ይህ ሊሆን የቻለው የመኪናው ሠሪ አስቀድሞ መግጠሚያ ቦታ ስለ ተወ ነው። የኦፕንሪፋይን አዘጋጆችም እንደዚሁ በልዩ ልዩ ስፍራ መግጠሚያ ትተዋል። በእነዚህ ስፍራዎች አዲስ የመዝገብ ማስገቢያና ማውጫ፥ አዲስ የገጽ ምርጫ፥ አዲስ የቀመር ቃል፥ አዲስም የቁልፍ አወጣጥ ስልት መግጠም ይቻላል። ከመሣሪያው ጋር አብረው ከሚመጡት አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ ከዳታቤዝ መረጃ የሚቀዳውና ጃይተን በሚባለው ቋንቋ ቀመር ለመጻፍ የሚያስችለው፥ ራሳቸው በተቀጥላ መልክ የተሠሩ ናቸው። ከውጭ ከተሠሩትም ውስጥ በአየርላንድ በጎልዌይ ከተማ በነበረ የምርምር ተቋም የተዘጋጀው አር.ዲ.ኤፍ. የተባለው ተቀጥላ የታወቀ ነው።

ሕጉን አስቀድሞ በወረቀት ስለ መጻፍ

የተቀጥላ ሥራ የሚጀመረው በኮምፒዩተር ሳይሆን በወረቀት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ጃቫ የሚባለውን ቋንቋ ያውቅ ይሆናል እንጂ፥ የትኛው ስም ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡን ዘወትር የሚይዘው ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉን ማውጣት የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ነው። ለስማችን የሚሆነው ሕግ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

ሀ) የክብር መጠሪያው ከስሙ ፊት ይነሣ።

ለ) ሐና ኀ ከነቤታቸው ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ። እነዚህ አምስት ቤቶች እያንዳንዳቸው ሰባት ሆሄ ስላላቸው 35 ይሆናሉ። ራብዖቹ ሃና ኣ፥ ከእነርሱም ጋር ሓ፥ ኃና ዓ፥ በድምፅ ከግዕዞቹ ጋር አንድ ስለሆኑ ወደ ሀና ወደ አ ይመለሱ፤ በዚህ ምክንያት ሃና ኣ ሲጨመሩ 37 ይሆናል። ጐንደርና ጎንደር እንደሚባለው፥ ጐ ወደ ጎ፥ ቈ ወደ ቆ፥ ኰ ወደ ኮ፥ ኈ ወደ ሆ ቢመለሱ ጠቅላላው 41 መስመር ይሆናል። ይህ 41 መስመር የተቀጥላው ልብ ነው።

ሐ) በምሕጻረ ቃል የተጻፈው፥ ፍቺው አንድ ብቻ ሲሆን ይፈታ፤ ሲያጠራጥር ይተው። ገ/ ገብረ መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ተ/ ግን ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል፤ ወ/ ደግሞ ለወንድ ወልደ፥ ለሴት ወለተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ለሰው ዐይን መተው እንጂ በግምት መፍታት አይገባም።

መ) ክፍት ቦታው፥ ሁለት ነጥቡና ሌላው ምልክት ይነሣ፤ የቃላቱ ተራ ግን ፈጽሞ አይለወጥ።

እዚህ ላይ ፊደልን ከመውደድ የተነሣ የሚቃወም አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት በግዕዝ መሀረ አስተማረ፥ መሐረ ግን ይቅር አለ ማለት ነው፤ ሠረቀ ፀሐይ መውጣትን ሲያመለክት ሰረቀ ግን ሌብነትን ያመለክታል። እነዚህን ማደባለቅ ቋንቋውን ማጕደል ነው። ነገር ግን መለያ ቁልፉ ለማመሳከሪያ ብቻ የሚያገለግል ስውር ጽሑፍ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ስም ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው። ሁለት አጻጻፎች አንድ ሰው መሆናቸው ከታወቀ በኋላ የትኛው እንደሚጸና የሚወስነው ሠራተኛው ነውና፥ በንግድ ፈቃዱ ወይም በመታወቂያው ላይ ያለውን ይመርጣል። እንዲያውም በዚህ መንገድ የተበላሸው አጻጻፍ ወደ ትክክለኛው ይመለሳል።

ተቀጥላው ከውስጡ ሲታይ

ሕጉ ከተጻፈ በኋላ የፕሮግራም ጸሐፊው ሥራ አጭር ነው። የፋይሎቹና የፎልደሮቹ ስም በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፍ መሆኑን አስታውሰን፥ ተቀጥላው የሚይዛቸውን ክፍሎች በተራ እንገልጻለን።

ዋናው ፎልደር የተቀጥላውን ስም ይይዛል። በውስጡ ሞጁል የሚባል ፎልደር፥ በዚያም ውስጥ ሞድ-ኢንፍ የሚባል ፎልደር ይኖራል። ኦፕንሪፋይን ሲነሣ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ፎልደሩ በዚህ ስምና በዚህ ቦታ ካልተገኘ ተቀጥላውን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

በሞድ-ኢንፍ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሞጁል ፕሮፐርቲስ የተባለው አጭር ፋይል ሲሆን፥ የተቀጥላውን ስም፥ መግለጫውንና ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሌላ ክፍል ይናገራል፤ ይህን የመታወቂያ ወረቀቱ ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው ኮንትሮለር የተባለው ፋይል ነው። መሣሪያው ሲነሣ ይህን ፋይል አንብቦ የተጻፈለትን ያደርጋል፤ ለእኛም ጉዳይ የሚጻፍበት ዋና ነገር፥ አዲሱን የቁልፍ አወጣጥ ስልት በመሣሪያው የስልቶች መዝገብ ላይ በስሙ ማስመዝገብ ነው። ሦስተኛው በጃቫ ተጽፎ የተዘጋጀው ሥራ ራሱ ነው። ይህ ክፍል አንድ ስም ይቀበላል፥ ከላይ ባሉት ሕግጋት አሳልፎ ቁልፉን ይመልሳል፤ ከዚህ በላይ ምንም አያደርግም።

ተቀጥላው በገጹ ላይ የሚታይ ቃል ካለው፥ ቃላቱ በየቋንቋው ለብቻ ፋይል ተጽፈው ላንግስ በሚባል ፎልደር ይቀመጣሉ። በዚህ መንገድ ምርጫው በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

ስለ መፈተኛው

ማንኛውም ተቀጥላ ከመታሸጉ በፊት መፈተን አለበት። መፈተኛው ሁለት ዝርዝር ነው። በአንደኛው ዝርዝር አንድ ቁልፍ ሊወጣላቸው የሚገቡ ስሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ ኃይሉና ሀይሉ፥ ገብረ ሥላሴና ገ/ሥላሴ፥ ዓለም ፀሐይና አለምጸሀይ። በሁለተኛው ዝርዝር ፈጽሞ አንድ ቁልፍ ሊወጣላቸው የማይገቡ ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ ደሳለኝ ተፈራና ተፈራ ደሳለኝ። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ዝርዝር ብቻ ጽፈው ሁለተኛውን ይረሳሉ። ነገር ግን በመጀመሪያ እንዳልነው የባሰው ጉዳት የሚመጣው ያለ አግባብ ከማዋሐድ ስለሆነ፥ ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሕጉ በተለወጠ ቍጥር ሁለቱም ዝርዝሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ገና መፈተን አለባቸው።

ለመፈተኛ የሚጻፉት ስሞች ከቤቱ እውነተኛ መዝገብ መቀዳት የለባቸውም። ተቀጥላው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ መፈተኛው አብሮ ስለሚሄድ፥ የደንበኞች ስም ሳይታወቅ ከቤት ሊወጣ ይችላል። ይህም የንግድ ምስጢርን ከማውጣት በላይ፥ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ሊያስጠይቅ የሚችል ነው። በአገሩ የተለመዱ ስሞችን እያጣመሩ መፈተኛ ማዘጋጀት ለሥራው ይበቃል።

ስለ ማሸጉ

በቤት ውስጥ የሚሠራ ተቀጥላና ለሌላ የሚተላለፍ ተቀጥላ፥ በድስት ውስጥ ያለ ወጥና ለገበያ የታሸገ ምግብ የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። ድስቱን የጣደችው ሴት በውስጡ ያለውን ታውቃለች፤ የታሸገውን የሚገዛ ግን የሚያውቀው በመያዣው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። የተቀጥላ ማሸግም እንደዚሁ ነው። አንድ ጥሩ እሽግ የሚከተሉትን ይይዛል።

1ኛ፤ የተቀጥላውን ፎልደር ሙሉ ለሙሉ የያዘ አንድ የዚፕ ፋይል። ይህን በእጅ ከመሰብሰብ ይልቅ፥ ለጃቫ ሥራ የተለመደው ሜቨን የተባለው መሣሪያ ራሱ እንዲያሽገው ማድረግ ይሻላል፤ የእጅ ሥራ አንድ ቀን አንድ ፋይል ይረሳልና።

2ኛ፤ የእትሙ ቍጥር። ሕጉ በትንሹም ቢለወጥ ቍጥሩ መለወጥ አለበት። አንድ መስመር የተለወጠ ተቀጥላ በቀድሞው ቍጥር ቢተላለፍ፥ ሁለት ቤቶች አንድ መዝገብ ይዘው ሁለት ዓይነት ውጤት ያገኛሉ፤ ምክንያቱንም ማንም ሊያገኘው አይችልም።

3ኛ፤ ተቀጥላው የተፈተነበት የኦፕንሪፋይን እትም ቍጥር። መሣሪያው ሲያድግ መግጠሚያው አንዳንድ ጊዜ ይለወጣል። ቀደም ሲል ኦፕንሪፋይን ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ የተያዘ መረጃ ለማንበብ የሚጠቀምበትን የውስጥ ክፍል ጃክሰን በተባለው በተካ ጊዜ፥ የቈዩ ተቀጥላዎች እንዲታደሱ ግድ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ቍጥሩ ያልተጻፈበት ተቀጥላ፥ የመጠቀሚያው ጊዜ እንዳልተጻፈበት መድኃኒት ነው።

4ኛ፤ ፈቃዱ። ፈቃድ ያልተጻፈበት ሥራ ነጻ አይደለም፤ ሌላው ሊጠቀምበት መብት እንዳለው ስለማያውቅ አይነካውም። የኦፕንሪፋይን ፈቃድ ተቀጥላውን በምስጢር ለራስ መያዝንም ለሌላ ማስተላለፍንም አይከለክልም። ለሁሉ ሊያካፍል የፈለገ ግን የመረጠውን ፈቃድ ቃል ከእሽጉ ጋር ማኖር አለበት።

5ኛ፤ የአጠቃቀም ጽሑፍ። እንዴት እንደሚጫን፥ ምን እንደሚያደርግ፥ ከሁሉም በላይ ምን እንደማያደርግ ይጻፍበት። ተ/ የሚለውን ምሕጻረ ቃል አይፈታም ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር፥ ብዙ ሰዓት የሚወስድ ክርክርን ያስቀራል።

ስለ መጫኑና ስለ ጥንቃቄው

እሽጉን መጫን ቀላል ነው። ኦፕንሪፋይን መዝገቦቹን የሚያስቀምጥበት የሥራ ፎልደር ይከፈታል፤ በውስጡ ኤክስቴንሽንስ የሚባል ፎልደር ከሌለ ይፈጠራል፤ የዚፑ ፋይል በዚያ ይዘረገፋል፤ መሣሪያው ተዘግቶ እንደ ገና ይነሣል። ከዚያ በኋላ የስሞች ማመሳከሪያው ገጽ ሲከፈት፥ አዲሱ ስልት ከቁልፍ አወጣጥ ስልቶች ዝርዝር ውስጥ ይታያል። ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፎልደሩ በሌላ ፎልደር ውስጥ ተደርቦ መዘርገፉ ነው።

ነገር ግን ለመጫን ቀላል መሆኑ ጥንቃቄን ማስቀረት የለበትም። ተቀጥላ በመሣሪያው ውስጥ ሲገባ የመሣሪያውን ሥልጣን ሁሉ ይይዛል፤ መዝገቡን ማንበብ፥ መለወጥ፥ በኢንተርኔት ወደ ሌላ ስፍራ መላክም ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ያልታወቀን ተቀጥላ በእውነተኛው መዝገብ ላይ መሞከር፥ ያልታወቀን ሰው የገንዘብ ሣጥን እንዲቈጥር እንደ ማዘዝ ነው። ምንጩ ተገልጦ የሚታይ ይሁን፤ አንድ ባለሞያ ያንብበው፤ በመጀመሪያም በግልባጭ ላይ ይፈተን።

እንዲሁም የስም መመሳሰል ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። 10 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር በሁለቱም ረድፎች ላይ ካለ፥ ከስሙ በፊት እርሱ ይመሳከር፤ ስሙ ቢመሳሰልም ቍጥሩ ከተለያየ አይዋሐዱ። ቍጥር ለሌላቸው ደግሞ ስልክና አድራሻ ይታይ፤ ያም ካልበቃ ደንበኛው ራሱ ይጠየቅ።

ተቀጥላ የማያስፈልግበት ጊዜ

ለእያንዳንዱ ችግር ተቀጥላ መሥራት ግን ከንቱ ድካም ነው። ኦፕንሪፋይን ግሬል የሚባል የራሱ የቀመር ቋንቋ ስላለው፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራ ትንሽ መዝገብ ያለው ቤት፥ ፊደል በፊደል የሚተካ ቀመር ጽፎ ውጤቱን በአዲስ ዓምድ በማኖር በዚያው ሊያመሳክር ይችላል። ቀመሩ በዋናው የስም ዓምድ ላይ እንዳይሠራ ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የባለቤቱ አጻጻፍ ይጠፋል። ተቀጥላ የሚያስፈልገው ሥራው በየወሩ የሚመላለስ ሲሆን፥ ከአንድ በላይ ሠራተኞች የሚሠሩት ሲሆን፥ ወይም ሕጉ በአንድ መስመር ቀመር የማይጠቃለል ሲሆን ነው።

በዚህም ላይ የሚያስደስት አንድ ነገር አለ። ሠራተኛው በተቀጥላው እየታገዘ ስሞችን ካዋሐደ በኋላ፥ መሣሪያው የሚመዘግበው የቱ ስም በየቱ እንደ ተተካ ነው። ስለዚህ የሥራው ታሪክ ተቀጥላው ወደሌለበት ኮምፒዩተር ቢወሰድም ይነበባል፥ እንደ ገናም ይሠራበታል። ቤቱ ለተቀጥላው ባሪያ አይሆንም ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሰው 41 መስመርና ጥቂቱ ሕግ ለአንድ ፕሮግራም ጸሐፊ የብዙ ቀን ሥራ አይደለም። ረጅሙ ሥራ የስሞቹን ጥንድ መሰብሰብ፥ የሚያጠራጥረውን መለየት፥ መፈተንና በሚገባ ማሸግ ነው። ይህንንም እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ቢሠራው ድካሙ ይደጋገማል፤ ውጤቱም ከቤት ወደ ቤት ይለያያል። በአንድ የንግድ ዘርፍ ያሉ አባሎች ግን ተባብረው አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ቢቀጥሩ፥ ሕጉን ባንድነት ቢያወጡና እሽጉን ለሁሉም ቢያካፍሉ፥ ወጪው በየድርሻው ይቀላል፤ አንዱ ያገኘውም ጉድለት ለሁሉ ይታረማል።

የመሣሪያው አዘጋጆች ስለ ፊደላችን ባለማሰባቸው የሚወቀሱ አይደሉም፤ የሚያሟላ ሰው ሲመጣ የሚገጥምበትን ቦታ ትተውልናል። ያንን ቦታ የሚሞላው ደግሞ ሠ እና ሰ በየደረሰኙ ላይ ሲለዋወጡ በየዕለቱ የሚያየው የመዝገብ ሠራተኛ ነው። ለመጀመርም ብዙ አያስፈልግም፤ በዚህ ሳምንት የደንበኞች መዝገብ ተከፍቶ፥ አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚባሉ ስሞች በአንድ ወረቀት፥ አንድ ይመስላሉ ግን አይደሉም የሚባሉ በሌላ ወረቀት ይጻፉ። እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ለፕሮግራም ጸሐፊው ከብዙ ቃል ይልቅ ይረዱታል።